አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ብዙ ፊት፦ የ‹‹ዶክተር ሁ›› መሪ ተዋንያን ሲዳሰሱ

በመድረክ ቲያትር አንድን ገጸ ባሕርይ ብዙ ሰው መጫወቱ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ሐምሌትን የተጫወተው ተዋናይ ለከርሞ ባይገኝ ሌላው ይተካዋል፤ ተመልካቹም ቅር አይለውም። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በሆለታ በትምህርት ቤት የቲያትር ክበብ ውስጥ ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ትምህርቱን የጨረሰው ተማሪ ሚናውን ለታናሹ ትቶለት ይሄዳል። የቴሌቪዥን ጠባይ ግን ከዚህ ይለያል። ካሜራው ለፊት ቅርብ ስለሆነ ገጸ ባሕርዩና ተዋናዩ አንድ ሆነው በልባችን ይቀራሉ። ‹‹ሰው ለሰው›› የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ የተመለከተ ሰው አስናቀን ከአበበ ባልቻ ለይቶ ማሰብ ይከብደዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ‹‹አስናቀ ነኝ›› ብሎ ቢመጣ ኖሮ ድራማው በዚያው ምሽት ባበቃ ነበር።

የብሪታኒያው ቢቢሲ ያዘጋጀው ‹‹ዶክተር ሁ›› የተሰኘው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ይህን የማይቻል የሚመስል ነገር ሲያደርግ ኖሯል። ከ1963 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የውጭዎቹ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዐሥራ አራት ተዋንያን መሪውን ገጸ ባሕርይ በየተራ ተረክበውታል። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንድ ሚና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚያሳድገው ምንድን ነው? የሚያቀጭጨውስ? እያንዳንዱን ተዋናይ የምመዝነውም በሦስት ነገር ነው፦ ምን ተረከበ? ምን ጨመረ? ለተከታዩስ ምን ትቶ ሄደ?

ለምዕራብ ሸዋ አንባቢ የዚህ ሐሳብ መሠረት እንግዳ አይሆንም። በገዳ ሥርዓት ባሊ የሚባለው ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አባ ገዳው ይለወጣል፤ ሥልጣኑና ሕጉ ግን ይቀጥላል። ተረካቢው የቀዳሚውን ፊትና ድምፅ እንዲኮርጅ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው አደራውን እንዲጠብቅ ነው። በ‹‹ዶክተር ሁ›› ታሪክ ውስጥም የተሳካላቸው ተዋንያን በሙሉ ይህን የገባቸው ናቸው።

መተካት እንዴት ተፈለሰፈ?

ዶክተሩ ጋሊፍሬይ ከምትባል ፕላኔት የመጣ፣ ሁለት ልብ ያለው፣ በጊዜና በጠፈር የሚጓዝ ተቅበዝባዥ ነው። መጓጓዣው ታርዲስ ከውጭ ሲታይ በቀድሞ ዘመን በለንደን ጎዳናዎች ላይ ይቆም የነበረ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሰፊ አዳራሽ ነው። ጠመንጃ አይወድም፤ በእውቀቱና በአንደበቱ ይታገላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከምድር የመጡ ጓደኞች አብረውት አሉ።

የመጀመሪያው ክፍል ኅዳር 23 ቀን 1963፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ታየ። ሐሳቡን ያመነጨው የቢቢሲ ድራማ ክፍል ኃላፊ ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነው። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት ገና 27 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ ሕንድ ውስጥ ላክናው የተወለደ ወጣት ነው። የወቅቱን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለሚያውቅ፣ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ወጣት እስያዊ እንዲህ ያለ ሥራ መምራታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ዶክተር ዊሊያም ሃርትኔል ሥራውን ሲጀምር 55 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው ቆጣ ቆጣ በሚሉ የሃምሳ አለቃ ሚናዎች ነው። ለዶክተሩ የሰጠውም ከዚያው የመነጨ ነገር ነበር፦ ግልፍተኛ፣ ምሥጢረኛ፣ ለሰው የማይመች ሽማግሌ። መጀመሪያ ላይ ጀግና አልነበረም፤ ራሱን ለማዳን ሌላውን አሳልፎ ለመስጠት የሚያመነታም አይመስልም። ከክፍል ወደ ክፍል ግን ልቡ እየራራ ሄደ፤ በጓደኞቹ ምክንያት ሰው ሆነ። ብዙዎች ሃርትኔልን መንገድ ጠራጊ ብቻ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን ከሁሉ የከበደውን ሥራ የሠራ እርሱ ነው ባይ ነኝ። ዶክተሩ ፍጹም ሆኖ ያልተፈጠረ፣ እየተማረ የሚሄድ ሰው መሆኑን ያቆመው እርሱ ነውና። ኋላ የመጡት ሁሉ የመለወጥ ነጻነት ያገኙት ከዚህ ነው።

በ1966 የሃርትኔል ጤና ተጎዳ፤ የደም ሥር መደደር ሕመሙ ቃለ ተውኔቱን እስከማስረሳት ደረሰ። ድራማው ተወዳጅ ነበርና ማቆም አልተፈለገም። ደራሲዎቹና የወቅቱ ፕሮዲዩሰር ያገኙት መፍትሔ በቴሌቪዥን ታሪክ ከተገኙት ብልሃቶች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ሆኖ ቀረ፤ ዶክተሩ የሰው ዘር ስላልሆነ ሰውነቱ ሲደክም ይታደሳል፤ ፊቱም ጠባዩም ይለወጣል፤ ትውስታውና ማንነቱ ግን ይቀጥላል። በጥቅምት 1966 ሃርትኔል ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ፊቱ በብርሃን ተሞላ፤ ፓትሪክ ትራውተን ሆኖም ተነሣ። ከአንድ ተዋናይ ሕመም የተወለደ መላ የድራማው ምሰሶ ሆነ።

ትራውተን፦ ሁሉን የወሰነው ሁለተኛው

ከሁሉ በላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ትራውተንን ነው። በእርሱ እጅ ነገሩ ባይሳካ ኖሮ ሦስተኛ አይኖርም ነበር። ከፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው፦ ሃርትኔልን መምሰል ወይም ፈጽሞ ሌላ መሆን። ሲድኒ ኒውማን በጠፈር የሚንከራተት ጎዳና ተዳዳሪ የመሰለ ሰው ሐሳብ አቀረበለት። ትራውተንም ሰፊ ኮትና የማይመጥን ሱሪ ለብሶ፣ ትንሽ የእንጨት ዋሽንት ይዞ መጣ። ቀዳሚው ሲቆጣ እርሱ ይሽኮረመማል፤ ቀዳሚው ሲያዝ እርሱ ሞኝ መስሎ ጠላቱን ያዘናጋል። ከዚያ ሞኝነት በስተጀርባ ያለው አእምሮ ሲገለጥ ግን ተመልካቹ ይደነግጣል።

በዚህ ትራውተን ለተከታዮቹ ሁሉ ፈቃድ ሰጠ። መተካት ማለት መኮረጅ እንዳልሆነ ያረጋገጠው እርሱ ነው። ሌላም ነገር አስተማረ፤ በሦስት ዓመቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ኋላም ለአምስተኛው ዶክተር ለፒተር ዴቪሰን ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይቆይ መከረው። ዴቪሰንም ምክሩን ተቀበለ።

የሚያሳዝነው የትራውተን ሥራ ትልቁ ክፍል መጥፋቱ ነው። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቴፕ ዋጋ ለመቆጠብና የማከማቻ ቦታ ለማግኘት ብዙ ቅጂዎችን አጥፍቷል። ትራውተን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ አንድ ሙሉ ክፍል እንኳ አልተገኘለትም። ከጠፉት አንዳንዶቹ የተገኙት ፕሮግራሙን ገዝተው ካሳዩ የሩቅ አገር ጣቢያዎች ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የትራውተን ታሪክ ሙሉውን ከሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በ2013 ደግሞ ዘጠኝ ክፍሎች በናይጄሪያ ጆስ ከተማ መገኘታቸው ተነገረ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቅርስ በአንድ የአፍሪካ ከተማ መጋዘን ውስጥ ተጠብቆ ቆየ ማለት ነው። የሆንግ ኮንጉ ቅጂ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ዐሥራ አንደኛው ዶክተር ማት ስሚዝ ለሚናው ሲዘጋጅ ያንን የትራውተን ሥራ አይቶ ወደደው፤ የቢራቢሮ ክራቫቱንም ሆነ ጅል መሳይ እንቅስቃሴውን ከዚያ ቀድቷል። ቅጂው ባይገኝ ኖሮ ያ ውርስ ባልተላለፈ ነበር።

ፐርትዊና ቶም ቤከር፦ ጀግናውና ባይተዋሩ

በ1970 ድራማው ባለ ቀለም ሆነ፤ ጆን ፐርትዊም መጣ። ፐርትዊ በሬዲዮ ቀልድ የታወቀ፣ ድምፁን እንደፈለገ የሚለዋውጥ ሰው ስለነበር ሁሉም አስቂኝ ዶክተር ጠብቆ ነበር። እርሱ ግን ቀልዱን ወደ ጎን ትቶ ካባ የለበሰ፣ መኪና የሚያበር፣ በእጁ የሚፋለም የተግባር ሰው ሆነ። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ዶክተሩ በምድር ላይ እንዲታገድ ተደረገ፤ ታሪኮቹም ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ማዕድን ማውጫና ወደ ጦር ሰፈር ወረዱ። ፐርትዊ የጨመረው ክብርና ጥበቃ ነው፤ ዶክተሩን ልጆች ከኋላው ተደብቀው የሚተማመኑበት ጎልማሳ አደረገው። በ1973 ተቀናቃኙን ‹‹ማስተር››ን ይጫወት የነበረው ወዳጁ ሮጀር ዴልጋዶ በቱርክ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ ልቡ ከሥራው ሸሸ፤ በ1974 ለቀቀ።

የተካው ቶም ቤከር ሚናውን ሲያገኝ በግንባታ ቦታ በጉልበት ሥራ ይተዳደር ነበር። በወጣትነቱ ገዳም ገብቶ መነኩሴ ለመሆን ሞክሯል። በትወናውም ውስጥ አንዳች የዚህ ዓለም ያልሆነ ነገር ይታያል። ትልልቅ ዓይኖቹ፣ ከሆዱ የሚወጣው ድምፁ፣ መሬት የሚጎትተው ረጅም የአንገት ልብሱ ተደማምረው እውነትም ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሰው ፈጠሩ። አስፈሪ ነገር ሲያይ ይስቃል፤ ትንሽ ነገር ሲያይ ያዝናል። ቀዳሚዎቹ ዶክተሩ እንግዳ መሆኑን በታሪኩ ነገሩን፤ ቤከር ግን በአኳኋኑ አሳየን። ለሰባት ዓመት ሠራ፤ እስካሁን በቴሌቪዥን ያን ያህል የቆየ የለም። በ1979፣ ተፎካካሪው ጣቢያ በሥራ ማቆም አድማ በተዘጋበት ወቅት፣ አንድ ክፍሉን ወደ 16 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል።

ነገር ግን ከሦስቱ መመዘኛዎቼ በሦስተኛው፣ ለተከታዩ ምን ተወ በሚለው፣ የቤከር ውርስ ከባድ ሸክም ነበር። ሚናው ከፊቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ይህ ለእኛም የታወቀ ነገር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ የበዛብህ፣ የሰብለና የጉዱ ካሳ ድምፅ በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የወጋየሁ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዱ ካሳን ልጫወት የሚል ተዋናይ መጀመሪያ ከዚያ ድምፅ ሥር መውጣት ይኖርበታል። ታላቅ ተዋናይ ሚናውን ከፍ ያደርጋል፤ ሳያስበውም በሩን በተከታዩ ላይ ይዘጋል።

የሰማንያዎቹ ፈተና

ፒተር ዴቪሰን ሲመረጥ 29 ዓመቱ ነበር፤ በገጠር የእንስሳት ሐኪሞች ድራማ ተወድዷል። የቤከርን ግርማ ለመፎካከር አልሞከረም። ዶክተሩን ትሑት፣ ገር፣ አንዳንዴም ግራ የሚጋባ ወጣት አደረገው። በጊዜው ደካማ ነው ተብሎ ተተችቷል። በ1984 የተሰናበተበት ታሪክ ግን ትችቱን ያፈርሰዋል። ዶክተሩና ጓደኛው ፔሪ በመርዝ ተይዘዋል፤ የተገኘው መድኃኒት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ለእርሷ ሰጥቶ እርሱ ይሞታል። ጉልበት የሌለው ጀግና ምን ያህል ሊገዝፍ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። በ2009 ‹‹ዶክተር ሁ›› መጽሔት አንባቢዎቹን ሲያስመርጥ እስከዚያ ከተሠሩት ታሪኮች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ የመጣው የኮሊን ቤከር ዕጣ ከሁሉ ይከፋል፤ ትምህርቱም የዚያኑ ያህል ነው። አዘጋጆቹ ዶክተሩን መጀመሪያ የሚያስጠላ፣ ቀስ በቀስ ልቡ የሚገለጥ አድርገው አሰቡት። ሐሳቡ የሃርትኔልን ጉዞ መድገም ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ታሪኩ የገዛ ጓደኛውን አንገት አንቆ ታየ፤ ቀለማቱ እርስ በርስ የሚጋጩ ኮትም ተደረበለት። በ1985 ድራማው ለ18 ወራት ተቋረጠ፤ በ1986 ተዋናዩ ተሰናበተ፤ ይገለጣል የተባለው ልብም ሳይገለጥ ቀረ። ለርክክቡ ትዕይንት እንዲመጣ ሲጠየቅ እምቢ ስላለ ተተኪው ሲልቬስተር ማኮይ የእርሱን ዊግ አጥልቆ ወድቆ ተነሣ። በተዋናዩ ላይ የሚፈረደውን ፍርድ አልቀበልም፤ ጥፋቱ የጽሑፉና ትዕግሥት ያጣው አመራር ነው። ማስረጃውም አለ። ከ1999 ጀምሮ ቢግ ፊኒሽ የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጃቸው የድምፅ ድራማዎች ኮሊን ቤከር ያንኑ ዶክተር ሲጫወት በሳል፣ ሩኅሩኅና አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ተገኘ። ያልተሰጠው ጊዜ ሲሰጠው ሚናው አብሮት አደገ።

ማኮይ ከ1987 እስከ 1989 ሠራ። በማንኪያ ሙዚቃ የሚጫወት ቀልደኛ ሆኖ ገብቶ፣ ጠላቶቹን እንደ ቼዝ ጠጠር የሚያንቀሳቅስ፣ ከወዳጆቹም ብዙ የሚደብቅ ጥላማ ሰው ሆኖ ወጣ። ዶክተሩ ሊፈራ የሚገባው ሰው እንደሆነ ዳግመኛ አስታወሰን። ነገር ግን ተመልካቹ ቀንሶ ነበር፤ በታኅሣሥ 1989 ድራማው ጠፋ። በ1996 ፖል ማጋን በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቅ አለ፤ ፊልሙ ተከታታይ ሳይወልድ ቀረ። ማጋንም እንደ ኮሊን ቤከር ሚናውን ያጎለመሰው በድምፅ ድራማ ነው፤ የመሞቻውን ትዕይንት ያገኘው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በአንዲት አጭር ፊልም ነበር።

መመለስ፦ ቁስለኛው፣ ወዳጁ፣ ሽማግሌው ልጅ

በመጋቢት 2005 ደራሲው ራስል ቲ ዴቪስ ድራማውን ሲያስነሣ ክሪስቶፈር ኤክለስተንን መረጠ። ካባም፣ የአንገት ልብስም፣ የመሳፍንት አነጋገርም ቀረ። የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ በሰሜን እንግሊዝ የሠራተኛ መደብ ዘዬ የሚናገር ዶክተር መጣ። ወገኖቹ በጦርነት አልቀዋል፤ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። ፈገግታው ሰፊ ነው፤ ከፈገግታው ሥር ግን የተራፊ ሰው ጸጸት አለ። የሠራው 13 ክፍል ብቻ ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ያንን ቁስል ተሸክመዋል። ዕድሜ አጭር ሆኖ ውርሱ ረጅም ሊሆን እንደሚችል ከኤክለስተን የበለጠ ምስክር የለም።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ቴናንት ቦታውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኝ የኖረ ነው። ለቁስለኛው ሰው አፍቃሪ ልብ ጨመረለት፤ ፈጣን አንደበቱና ተደራሽነቱ በመላው ዓለም አዲስ ትውልድ ሳበ። በ2008 ከሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ጋር ሐምሌትን መጫወቱን አስታውሱ፤ ሁለቱም ሚናዎች ከብዙ ተዋንያን የተወረሱ ናቸው፤ ሁለቱም ተረካቢውን የራሱን እንዲያመጣ ያስገድዱታል።

ማት ስሚዝ ሲመረጥ 26 ዓመቱ ነበር፤ ከሁሉም ወጣቱ ነው። ወጣት ሳለ የጀርባ ጉዳት እስኪያስቆመው ድረስ እግር ኳስ ተጫዋች ለመሆን ይለማመድ ነበር። የእርሱ ምሥጢር በልጅ አካል ውስጥ መቶ ዘመናትን የኖረ ሽማግሌ ማሳየቱ ነው። እጆቹና እግሮቹ የማይታዘዙት ይመስላሉ፤ ዝም ሲል ግን ዓይኑ ያረጃል። በኅዳር 2013 የሃምሳኛ ዓመቱ ልዩ ዝግጅት በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ ታየ። በዚያ ዝግጅት ስሚዝ፣ ቴናንትና የጦርነቱን ዘመን ዶክተር የተጫወተው አንጋፋው ጆን ኸርት ጎን ለጎን ቆሙ። ሦስት ሰዎች አንድን ሰው በአንድ ትዕይንት ሲጫወቱ ማንም ግራ አልተጋባም፤ ትራውተን የጀመረው ሥራ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ማሳያ ነው።

ፒተር ካፓልዲ በ2013 ሲመረጥ ዕድሜው ሃርትኔል ሲጀምር ከነበረበት ጋር እኩል 55 ነበር። በልጅነቱ ስለ ድራማው ለመጽሔት ደብዳቤ የጻፈ አፍቃሪ ነው። ‹‹ጥሩ ሰው ነኝን?›› የሚለውን ጥያቄ የሚናው እምብርት አደረገው። በ2015 አንድን ሙሉ ክፍል ብቻውን ለማለት በሚቻል ሁኔታ ተሸክሞ ሐዘንን ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት በሌላ ክፍል ጦርነትን በመቃወም ያደረገው ረጅም ንግግር ያለ ተኩስ ከተኩስ የበረታ ትዕይንት ሆነ። በትወና ጥልቀት ከሁሉ የማስቀድመው እርሱን ነው፤ ከሃርትኔል ቁጣን፣ ከትራውተን ሞኝነትን፣ ከፐርትዊ ክብርን፣ ከቶም ቤከር ባዕድነትን ወርሶ ሁሉንም የራሱ አድርጓል።

ሚናው ለማን ይገባል?

እስከ 2017 ድረስ መሪ ዶክተሮች በሙሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ሐሳቡ ግን አዲስ አልነበረም፤ ራሱ ሲድኒ ኒውማን በ1986 ዶክተሩ ሴት ቢሆን የሚል ሐሳብ ለቢቢሲ በጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ጆዲ ዊተከር መመረጧ ሲነገር ጩኸቱ በዛ። በጥቅምት 2018 የመጀመሪያ ክፍሏ ሲታይ ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ። ዊተከር ተስፋና ግልጽነት ይዛ መጣች፤ ዶክተሩን እንደገና የሚደነቅ ሰው አደረገችው። ያጣችው ነገር የጽሑፍ ድጋፍ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጓደኞች ስለተሰጧት ለእርሷ የተረፈው ጥልቅ ትዕይንት ጥቂት ነበር። ሆኖም ስለ ሮዛ ፓርክስና ስለ 1947ቱ የሕንድና የፓኪስታን መለያየት በተሠሩት ክፍሎች፣ ታሪክን መለወጥ የማይፈቀድለት ምስክር የሚሸከመውን ሥቃይ በሚገባ አሳይታለች። በ2020 ደግሞ ጆ ማርቲን ያልታወቀች የቀድሞ ዶክተር ሆና ብቅ አለች፤ ሚናውን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት።

ቴናንት በ2023 ለሦስት ልዩ ክፍሎች ተመልሶ ሚናውን ያስረከበው ለንኩቲ ጋትዋ ነው። ጋትዋ በ1992 በኪጋሊ ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ከሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ሸሽቶ በስኮትላንድ ያደገ ነው። ወገኖቹ ያለቁበትን ስደተኛ እንዲጫወት የተመረጠው እውነተኛውን ስደት በሕፃንነቱ ያየ ሰው ሆነ። ይህ አጋጣሚ ለምሥራቅ አፍሪካ ተመልካች የሚሰጠው ትርጉም ከለንደን ነዋሪ ይለያል። ጋትዋ ዶክተሩ በግልጽ እንዲያለቅስ፣ እንዲጨፍር፣ ፍርሃቱን እንዲናገር አደረገ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው በ2024 የታየው አንድ ክፍል ነው። ሊያድናቸው የመጣላቸው ሀብታም ነጭ ወጣቶች በቆዳው ምክንያት እጁን አንይዝም ይሉታል። ጋትዋ ያም ሆኖ ላድናችሁ ብሎ ይለምናቸዋል፤ ከዚያ ይስቃል፤ ሣቁም ወደ ጩኸት ይለወጣል። በ2025 ደግሞ ናይጄሪያ የተወለደው ደራሲ ኢኑዋ ኤላምስ ዶክተሩን በሌጎስ ፀጉር ቤት ውስጥ አስቀመጠው። ጋትዋ በግንቦት 2025 ሚናውን ለቀቀ። በሁለት ዙር በጠቅላላው 16 ክፍልና ጥቂት ልዩ ዝግጅቶች ብቻ ነው ያገኘው፤ ለዚያ ዓይነት ተሰጥኦ ያንሳል እላለሁ።

ለእኛ መድረክ ምን ይላል?

ከአምቦ ወጣ ብላ በምትገኘው ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ፀጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው የአምቦ ተማሪ ሳለ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተው አይተውለታል። በኋላ በለንደን ሮያል ኮርት ቲያትር ጥበቡን ቀስሞ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ለአማርኛ መድረክ አበቃ። እነዚህን ሚናዎች ወደ አገሩ ሲያመጣ ተውኔት ብቻ አላመጣም፤ የመረካከብን ልማድም ለኢትዮጵያ ተዋንያን አወረሰ።

የራሳችን የሆነ፣ በብዙ እጅ ያለፈ ገጸ ባሕርይም አለን፦ አፄ ቴዎድሮስ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ አቤ ጉበኛና ብርሃኑ ዘርይሁን በልብ ወለድ፣ ፀጋዬ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጽፈውታል፤ ተዋንያንም በየዘመኑ ለብሰውታል። እያንዳንዱ ትውልድ በቴዎድሮስ ውስጥ የራሱን ጥያቄ አይቷል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተዋናዩ ነጎድጓዳማ ድምፅና የሚያፈጥ ዓይን ይዞ ይመጣል፤ ቀዳሚው እንዲያ ስላደረገ ብቻ። ትራውተን ሃርትኔልን ቢኮርጅ ኖሮ ‹‹ዶክተር ሁ›› በ1966 ያበቃ ነበር። ቴዎድሮስንም በሹክሹክታ የሚጫወት፣ ጸሎቱን ወይም ድካሙን የሚያሳይ ተዋናይ ያስፈልገናል። ይህ ንጉሡን ማሳነስ አይደለም፤ ያልታየውን ገጽ መግለጥ ነው።

ከዳሰሳው የምወስዳቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። የሚና ሥረ መሠረት በግልጽ መታወቅ አለበት። ዶክተሩ ደካማን አይጥልም፣ ማወቅ አይሰለቸውም፣ መሣሪያ አይመርጥም። ይህ ከተጠበቀ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዘዬና ቆዳ ቢለዋወጡ ሚናው አይፈርስም። ተተኪው መኮረጅ የለበትም፤ ቀዳሚውን ግን ማየትና ማወቅ አለበት፤ ስሚዝ ትራውተንን እንዳየ። ለዚህ ደግሞ ቅጂ ያስፈልጋል። ከመድረክ ሥራዎቻችን ብዙዎቹ ሳይቀረጹ አልፈዋል፤ ዛሬ ግን በየተማሪው ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። የአምቦ፣ የጌዶና የጊንጪ የቲያትር ክበቦች ትርኢታቸውን ቢቀርጹና በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጡ የነገው ተዋናይ የሚነሣበት መሬት ያገኛል። በመጨረሻም ጊዜ መስጠት ይገባል። ኮሊን ቤከር፣ ማጋንና ዊተከር ያሳዩን በተዋናይ ላይ በመጀመሪያው ዓመት መፍረድ ለሚናውም ጉዳት እንደሆነ ነው።

‹‹ከቀዳሚው ማን ይበልጣል?›› የሚለው ክርክር በየሻይ ቤቱ ይወደዳል፤ ለጥበቡ ግን አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥያቄ ‹‹ይህ ተዋናይ ከዚህ በፊት ያላየነውን ምን አሳየን?›› የሚለው ነው። ዐሥራ አራቱም ዶክተሮች፣ ትንሹም ትልቁም፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላቸው። የእኛም ሐምሌቶች፣ ኦቴሎዎችና ቴዎድሮሶች ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚሁ ነው።